ለቅሶ በሠላሳ አንደኛው ፎቅ

እታለማሁ ያረፈችው ጎህ ሲቀድ ነው። ወለሉ ግን እስከ ረፋዱ ድረስ በሕይወት ካሉት ጋር ቆጥሯታል፤ ለወለል የተኛ ሰውም የሞተ ሰውም ክብደቱ አንድ ነው።

ታናሽ እህቷ ኢንጂነር ውዳላት ዓይኖቿን ከደነችላት፣ አገጯን በነጭ ሻሽ አሰረችላት፣ "እግዚአብሔር ነፍስሽን ይማር፣ እታለም" አለቻት። ውዳላት ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ አብራትም የኖረችው ይህቺው እህቷ ነበረች። እንባው ኋላ እንደሚመጣ አውቃ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰሌዳ ሄደች። በዚህ ህንፃ ውስጥ ማንኛውም ነገር፣ ሞትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ለቤቱ ይነገራል።

ቤቱ ሐዘኑን ገለጸ። የሟችን ስልክ ተመለከተ፣ ማን እንደደወለላትና ለማን እንደደወለች አየ፣ ከዚያም ጻፈ፦ የሚጠበቁ ለቀስተኞች ዘጠኝ፤ በሦስት ዙር ቢገቡ ይመከራል።

ውዳላት ቁጥሩን ቆማ አየችው። እታለማሁ ስልክ የያዘችው ቤቱ ስላስገደዳት ብቻ ነበር። ሰው ስትፈልግ አትደውልም፤ ትሄዳለች። በተለይ ለቅሶ የሚባል አምልጧት አያውቅም። በዚህ ህንፃ ያለውም፣ ማዶ ባሉት ማማዎች ያለውም ሰው ሲሞትበት እሷ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ብዙም አትናገር፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ልጅ ታስተኛለች። "አታውቂያቸው፣ ምን ልትሆኚ ትሄጃለሽ?" ስትባል "ታዲያ ለቅሶ ላይ ካልተዋወቅን የት ልንተዋወቅ ነው?" ትል ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ዛሬ ብድሩን ሊመልስ ይመጣል። ለሠርግ ሰው ይጠራል፤ ለለቅሶ ግን የሚጠራ የለም፤ የሰማ ሁሉ ይመጣል።

የሚኖሩበት ማለዳ ማማ ቅይጥ ህንፃ ነው። ታች ገበያ፣ ከገበያው በላይ ክሊኒክና ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቢሮ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ አሥራ ሦስተኛው ላይ መስጊድ፣ ከዚያ በላይ እስከ አርባኛው ድረስ መኖሪያ። እዚህ የተወለደ እዚሁ ይማራል፣ እዚሁ ይሠራል፣ እዚሁ ያገባል። ወደ ውጪ የሚያስወጣ የቀረ ጉዳይ ቀብርና ለቅሶ ብቻ ነው።

በየበሩ ላይ ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች ይገባል፤ ቢጫ ከሆነች ወለሉ የሚችለው ክብደት ሞልቷልና ከውስጥ አንድ ሰው እስኪወጣ ይጠበቃል። ነዋሪው ለምዶታል። አዲስ ፍሪጅ የገዛ አሮጌ ቁም ሳጥኑን ያወርዳል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጆች ገመድ የሚዘሉት ተራ በተራ ነው። ሴቶቹ "እርግዝናን ከባል በፊት የሚያውቀው ወለሉ ነው" እያሉ ይሳሳቃሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዲያቆናቱ የሚያሸበሽቡት ተቀምጠው ነው፤ ብዙ እግር በአንድ ምት ሲረግጠው ወለሉ አብሮ መወዛወዝ ይጀምራል። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት አሮጊት "ዳዊት በታቦቱ ፊት የዘለለው ተቀምጦ ኖሯል?" ብለው ነበር። አሁን የሚጠይቅ የለም።

ውዳላት ሥራ ስትጀምር እንዲህ አልነበረም። ያኔ አንድ ሳሎን ሲነደፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰው ይሞላበታል ተብሎ ነው። መምህሯ ይህን ትርፍ አቅም "የእንግዳ ድርሻ" ይሉት ነበር፤ ሶሌታ በሚባለው የወለል አርማታ ውስጥ ካለው ፌሮ ግማሹ የተቀመጠው ምናልባት ጨርሶ ለማይመጣ ሰው ነው፣ እሱን አትንኩበት ይሉ ነበር። ኋላ ሲሚንቶ ተወደደ። ቤቶችም ሰውን ማወቅ ጀመሩ። ማን የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ከታወቀ፣ ለማይመጣ ሰው አርማታ ማፍሰስ ብክነት ተባለ። ውዳላት ከሥር ገበያ፣ ከላይ ሆቴል፣ ከሆቴሉ በላይ መኖሪያ ያላቸውን ህንፃዎች አንድ በአንድ ነደፈች፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው የቀለለ ነበር። በቅለታቸውም ተሸለመች። የእንግዳ ድርሻ በየህንፃው ትንሽ ትንሽ እያነሰ ሄዶ አንድ ቀን ከስሌቱ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ስሌቱ ራሱ ከእሷ እጅ ወጥቶ ለማሽን ተሰጠ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ዋስነት ነው። ህንፃውን የሚነድፈው ስሌቱ ነው፣ የሚጠብቀውም ስሌቱ ነው። ስሌት ግን አይታሰርም። ስለዚህ ሕጉ ለየህንፃው አንድ ሰው ይጠይቃል፤ ምህንድስና የተማረ፣ እዚያው ህንፃ ላይ የሚኖር። አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው እሱ ነው። በምላሹ አንድ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ቃሉን ከሰጠ የማንኛውም ወለል ገደብ ይነሳል። ውዳላት በዚህ ሥልጣን ተጠቅማ አታውቅም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኸይሩ ዜናውን ሰምተው መጡ። ታች ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሰባ ያለፋቸው ሰው ናቸው። መብራቷን ቀና ብለው አዩ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሬሳው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

"አላህ ያጽናሽ። ባለቤቴን የቀበርን ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከቤቴ አልተለየችም። ኋላ ነው ስሟን የጠየቅኳት።"

"እንዲህ ነበረች።"

"ቤቱ ስንት ሰው ፈቀደልሽ?"

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ?" ጋሽ ኸይሩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። "የኔ ቤተሰብ ብቻውን ዘጠኝ ነው። እኛ ከገባን ሌላው ምን ሊሆን ነው? መስኮት ላይ ሊንጠለጠል?"

"እርስዎ ስንት ይገምታሉ?"

"ከሦስት መቶ አታሳንሺው። ማዶ ያሉት ከተጨመሩማ እንጃ። ከቀብር መልስ ሁሉም ቀጥ ብሎ እዚህ ነው። አትምጣ ብትይው ይቀየምሻል እንጂ አይቀርም።"

"ወለሉ አይችልም፣ ጋሽ ኸይሩ።"

"ማን ነው የነደፈው?"

"ስሌቱ።"

"ዋሱስ?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ከራስሽ ጋር ተነጋገሪ" አሉና ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። "እኔ ድንኳን አለኝ፣ ወንበር አለኝ፣ ብረት ድስት አለኝ። የሌለኝ መሬት ነው።"

እሳቸው ከመውጣታቸው ከህንፃው አስተዳደር ኤልዳና የምትባል ወጣት ደወለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

"ነፍስ ይማር፣ ኢንጂነር። የተበተነ ለቅሶ እንድናዘጋጅልዎት ነው። ሁሉም በየቤቱ ሆኖ በተመሳሳይ ሰዓት ያለቅሳል፤ እርስዎ ሁሉንም በስክሪን ያዩዋቸዋል፣ እነሱም እርስዎን። የተጠቀሙት ቤተሰቦች በጣም ረክተዋል።"

"በለቅሶው?"

"አዎ። ከአምስት አራት ነጥብ ስድስት ሰጥተውናል።"

"ላስብበት፣ የኔ እመቤት" አለችና ስልኩን ዘጋች።

እህቷ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ቃል ብታወጣ መብራቷ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ሊፍቱ ሰውን ያመጣል፣ እታለማሁም እንደ ሰው ትለቀሳለች። ወለሉ ስንት ይችላል? ሃምሳ ይችል ይሆናል። መቶ ላይ ሶሌታው ሆዱን ይጥላል። ከዚያ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያም የለው፤ ምሰሶው በቦታው እንደቆመ ሶሌታው ዙሪያውን ተቀዶ ይወርዳል። ከሥራቸው ሠላሳኛው ላይ ወይዘሮ ንጋቷ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። የሷም ወለል የሚችለው ያንኑ ያህል ነው፤ ከሷ በታች ያለውም እንደዚያው።

ቃሏን ካልሰጠች ደግሞ ሕዝቡ ከሊፍቱ በር ላይ ይመለሳል። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትደርስ የኖረች ሴት በዘጠኝ ሰው ትሸኛለች፣ ያውም በሦስት ዙር።

"ጌታዬ፣ አንዱን አሳየኝ" አለች። ጸሎቷ ሁልጊዜም አጭር ነው።

ያየችው በራእይ አይደለም። ሳጥኑ ሲመጣ ሊፍቱ ውስጥ አልገባ አለ። የህንፃው ሊፍቶች ሲጠብቡ የሬሳ ሳጥን ርዝመት ያሰበበት አልነበረም። ወንዶቹ ተመካከሩና በደረጃው እናውርዳት አሉ። የእሳት አደጋ መውጫ ስለሆነ ከልምምድ ቀን በቀር ማንም አይረግጠውም፤ አቧራ ጠጥቷል። ሳጥኑን አንስተው መውረድ ጀመሩ። በየፎቁ በር እየተከፈተ ሌላ ትከሻ ይገባል፣ የደከመው ይወጣል፣ የወጣውም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ከኋላ ይከተላል።

ውዳላት ከሳጥኑ ኋላ ስትወርድ መጀመሪያ ያስተዋለችው የእግሩን ድምፅ ነው። ቤቶቹ ውስጥ እርምጃ እንደ ከበሮ ይመልሳል። እዚህ ግን ይሄ ሁሉ ሰው እየረገጠው አርማታው ዝም ይላል። ድሮ የምታውቀው፣ ወፍራም፣ ደንቆሮ አርማታ ነው። ከዚያ ምክንያቱ ትዝ አላት። የጥንቱ የእሳት ደንብ አልተሻረም። ደንቡ፣ ቃጠሎ ቢነሳ ህንፃው ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ባንድ ጊዜ ደረጃው ላይ ይቆማል ብሎ ያስባል። ስሌቱ ሊነካው ያልቻለው ይህንን ብቻ ነው።

ምድር ቤት ሲደርሱ ጋሽ ኸይሩን ጎተት አደረገቻቸው።

"ከቀብር መልስ ሰውን ደረጃው ላይ ያስቀምጡልኝ።"

"ደረጃ ላይ? እንደ ዶሮ?"

"እንደ ዶሮ። ደረጃው የፈለገውን ያህል ይችላል። ለዚህ ቃሌን እሰጣለሁ።"

ሽማግሌው ወደ ደረጃው ቀና ብለው አዩና "ኑሯችንስ ከዚህ በምን ይሻላል" አሉ።

ከቀብር መልስ ሰው ከሠላሳ አንደኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ታች ተቀመጠ። በየደረጃው ሁለት ሰው፣ ሦስት ሰው፣ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ። ሃያኛው ፎቅ ሞላ፤ ከዚያም በታች ቀጠለ። የእድሩ ሴቶች ንፍሮውን ከላይ በሰፌድ ሰጡ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየወረደ ሄደ፤ ታች ያሉት ከማን እንደመጣ ሳያዩ ዘገኑ። ካህኑ ላይኛው ማረፊያ ላይ ቆመው ጸለዩ። ጥቂት ደረጃ ዝቅ ብለው ጋሽ ኸይሩ ዱዓ አደረጉ። አንዲት አልቃሽ ከላይ ግጥም ስታወጣ የቅርቦቹ ተቀብለው ያለቅሳሉ፤ ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ እየወረደ ታች ሲደርስ ላይኛዎቹ ዝም ብለዋል። ለቅሶው ከሥር እየመጣ እንደገና ይሰማቸውና እንደገና ያስጀምራቸዋል። ከአራት መቶ ሰው በላይ ነበር። ደረጃው አንዲት ስንጥቅ አላወጣም።

ውዳላት ግን ሦስቱንም ቀን የዋለችው በሯ ላይ ቆማ ነው። እያንዳንዱ ለቀስተኛ ደረጃውን ወጥቶ ሲጨርስ ወደ ውስጥ ሊገባ ይቃጣል፤ ሐዘንተኛ ያለበት ቤት ሳይገቡ መመለስ ነውር ነውና። አንዱን አስገብቶ ሌላውን መመለስ ስለማይቻል እሷም ለእያንዳንዱ ያንኑ ትናገራለች።

"አይግቡ፣ እባክዎ። ወለሉ አይችልም። እዚሁ ይቀመጡልኝ።"

አብዛኛው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ከማዶ ማማ የመጡ አንዲት ባልቴት ግን ምርኩዛቸውን ደፉ ላይ አሳርፈው ቆሙ።

"እታለማሁ የኔን ደፍ ስትሻገር ማንንም አላስፈቀደችም" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ የጠበበው ወለልሽ ነው ወይስ ሆድሽ?"

"ወለሉ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ" ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ውዳላት በሠልስቱ ማግስት ነው ያለቀሰችው፣ ሁሉም ሲሄድ፣ ዕቃ እያጠበች።

ሳምንት ሳይሞላ ኤልዳና ደወለች። በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አለ።

"ኢንጂነር፣ ትልቅ ነገር ነው የሠሩት። መረጃውን በሙሉ አይተነዋል። ነዋሪ ለመሰባሰብ ቤት እንደማያስፈልገው አሳይተውናል። የሚቀጥለው ማማ ላይ ደረጃውን ትንሽ ሰፋ አድርገን የእንግዳ ደረጃ ብለነዋል፤ ለሐዘንም ለደስታም ይሆናል። ታዲያ እንግዳ ሁሉ እዚያ ከተስተናገደ የቤቶቹ ወለል የሚሸከመው የተመዘገበ ቤተሰብ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ ሶሌታውን እንደገና አሳንሶታል።"

"ከዚህ አሳንሶ?"

"በሲሶ። ዋስ እንዲሆኑልን ነው የደወልኩት።"

ውዳላት መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ማዶ ያሉት ማማዎች ጭጋግ ውስጥ ግማሽ ግማሻቸው ይታያል።

"እኔ አልሆንም። ደረጃው ላይ ያስቀመጥኳቸው ቤት ስላጣሁ ነው። ቤት አያስፈልግም አላልኩም።"

"ስሜትዎን እንረዳለን" አለች ኤልዳና። "ችግር የለውም፣ ሌላ ዋስ አለን። ሐሳቡ የእርስዎ ስለሆነ ግን ስምዎ ይጠቀሳል።"

ለአርባዋ ውዳላት ድግስ ደገሰች፤ ትንሽ ድግስ። አራት ድፎ ዳቦ ጋገረች። ይህን ጊዜ በስሌቱ ላይ ብቻ አልተማመነችም፤ ወረቀት አውጥታ፣ እንደ ወጣትነቷ በእጇ፣ የሳሎኑን ወለል ከቢም እስከ ቢም ራሷ አሰላችው። አልጋዋንና ቁም ሳጥኗን ቀድማ አስወጣች። ሃያ ሰው ያለ አንዳች ስጋት ይቀመጣል። በዋስነቷ ቃሏን ሰጥታ የወለሉን ገደብ አነሳች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሃያ ሰው በስሙ ጠራች፤ ቤት ገብተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የእህቷን ዳቦ እንዲቆርሱላት።

ሰዎቹ በሰዓቱ መጡ። በየብብታቸው ትራስ ይዘዋል። ሰላምታ ሰጡና ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

ውዳላት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ኧረ ግቡ። ዛሬ ለሁላችሁም ቦታ አለ።"

"እዚሁ ደህና ነን" አለች ወይዘሮ ንጋቷ። "ለምደነዋል። ቤትሽን ለምን እናስጨንቀዋለን።"

"አይጨነቅም። እኔ ነኝ ያሰላሁት። መብራቷንም እዩዋት፤ አረንጓዴ ናት።"

"ያኔስ አይችልም ያልሽን አንቺ አይደለሽ?"

"ያኔ አራት መቶ ነበራችሁ። አሁን ሃያ ናችሁ።"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ኸይሩ ትራሳቸውን ከሥራቸው አስተካከሉ። "ልጄ፣ አታስቸግሪን" አሉ በዝግታ። "ሦስት ቀን ሙሉ ደጅሽ ላይ ቆመሽ ነግረሽናል። ሰው አንዴ ከሰማ ሰማ። እኔ እንኳ የገዛ ሴት ልጄን ቤት ስገባ እግሬ ይከብደኛል አሁን። ደረጃው ላይ ብታገኘኝ ይሻለኛል።"

ውዳላት ዘወር ብላ ወደ ሳሎኑ ገባች፤ ወንበሮቹ በክብ እንደተደረደሩ ናቸው። መሐላቸው ቆመች። ከዚያ ሁሉም ደጅ ሆኖ እያያት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዘለለች። አረፈችበትና "እዩ" አለች። እንደገና ዘለለች፣ ከበፊቱ ከፍ አድርጋ። ቁም ሳጥኑ የወጣለት ክፍል አስተጋባ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ደረጃው ላይ ያሉት ሁሉ ተነሥተው አንድ አንድ እርከን ወደ ታች ወረዱ።

"ኧረ በማርያም ይሁንብሽ፣ ተይ ኢንጂነር" አለች ወይዘሮ ንጋቷ። ገርጥታለች። "ልጆቼ ታች ናቸው።"

ውዳላት ቆመች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ ድፎውን በሰፌድ አንሥታ ወጣች። እነሱም ጠጋ ጠጋ ብለው መሐላቸው ቦታ ለቀቁላት።